የጋሽ ተሰማ ሁለተኛ ሞት

ጸጋአብ የአራት ዓመት ልጁን ቤት ውስጥ ቆልፎባት ሥራ የሄደው ሰኞ ዕለት ነው። ክፋት አልነበረበትም፤ ስንፍናም አይባልም፤ እንዲያውም የዚያን ቀን ከሁልጊዜው ቀደም ብሎ ነው የተነሳው። ፊቷን አጥቦ፣ ጸጉሯን እንደሆነ አድርጎ አስሮ፣ ምሳ ዕቃዋን ሞልቶ ጨረሰ። የቀረው እጇን ይዞ ለጎረቤቱ ለማማ ኛፑዎክ ማስረከብ ብቻ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ጥሩምባውን ሲነፋ ምሳ ዕቃውን አነሳ፣ በሩን ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተና ሮጠ። ጀዊ መጠለያ ደርሶ፣ የስደተኞቹ መዝገብ ፊት ተቀምጦ፣ እስክሪብቶ ፍለጋ ቦርሳውን ሲከፍት ነው ምሳ ዕቃዋን ያገኘው። መኮሮኒ በቲማቲም ስልስ። ክዳኑን ከፍቶ አየው፤ መልሶ ከደነው። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ የመኮሮኒው ባለቤት የት እንዳለች ማሰብ አቃተው።

ሞተር ተከራይቶ ከተማ ሲገባ አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። መጋቢት ነው፤ በዚያ ሰዓት የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚሆን ጋምቤላ የኖረ ያውቀዋል። እሙዬ አልጋው ጫፍ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ተቀምጣለች። ጸጉሯ በላብ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። ከስኳሩ ጣሳ በጣቷ ስትልስ እንዳረፈደች ጉንጯ ይመሰክራል።

«ሥራ ሄደህ ነበር?» አለችው።

«ማማ ኛፑዎክን ጠራሻት? ጮኽሽ?»

«አልጮኽኩም። አባቢ ሲሠራ አይጮህም ብለሃል እኮ።»

ይህን ለማንም አልተናገረም። ለማማ ኛፑዎክ «ዛሬ እኔው ጋ ነበረች» አላት። ማታ ሚስቱ አቢጋኤል ስትደውል «ሁሉ ሰላም» አላት። አቢጋኤል ጎግ ወረዳ አስተማሪ ናት። ወደ ከተማ ዝውውር ከጠየቀች ሦስት ዓመት ሆናት፤ መልሱ በየዓመቱ «ተተኪ ሲገኝ» ነው፤ ተተኪው ግን ገና አልተወለደም መሰል። ኔትወርክ የሚይዘው ትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው የውሃ ታንከር አጠገብ ብቻ ስለሆነ ቆማ ነው የምታወራው፤ ቆሞ የሚያወራ ሰው ደግሞ ረጅም ወሬ አይችልም። ሁሉ ሰላም፤ በላችሁ፤ ተኛች፤ ደህና እደሩ።

ረቡዕ ጠዋት ሲነሳ ሁለተኛ ሌሊቱ ነው እንቅልፍ ባይኑ ሳይዞር። ቤቱ ባለሁለት ክፍል ነው፤ ኪራዩ አምስት ሺህ፤ አከራዩ በየስድስት ወሩ ብቅ እያለ ኑሮ ተወደደ ይላል፣ ኑሮውን የሚያስወድደው ግን እሱው ነው። ማክሰኞ ዕለት ጸጋአብ ልጁን ካስረከበ በኋላ ሦስት ጊዜ ተመልሶ በአጥሩ ቀዳዳ አይቷታል። ሰርቪሱ ውስጥ ሰው ሲያናግረው አፉ ሲንቀሳቀስ ያያል እንጂ አይሰማም። የባንክ ምስጢር ቁጥሩ ጠፍቶበት ማሽኑ ካርዱን ውጦ አስቀርቶበታል። ይህ ሁሉ ምንም አይደለም፤ ሰው ይደክመዋል። ያስፈራው ሌላ ነው። ሰኞ በሩን ሲቆልፍ አንድም የጎደለ ነገር አልተሰማውም፤ እንዲያውም ዛሬስ ምንም አልረሳሁም ብሎ ደስ ብሎት ነበር። ዛሬም ልክ እንደዚያ ቢሰማው በምን ያውቃል? ሌባ የሚፈራ ሰው ውሻ ያሳድራል፤ ራሱን የፈራ ሰው ማንን ያሳድር? ጥቂት ቀን ቢያርፍ፣ ቢተኛ፣ ልጁን ዓይን በዓይን እያየ ቢውል፣ ምናልባት ራሱን መልሶ ሊያምነው ይችላል። ስለዚህ ልጁን ለማማ ኛፑዎክ እጅ በእጅ ሰጥቶ፣ «ተቀበልሽኝ አይደል?» ብሎ ሁለቴ ጠይቆ፣ ወደ ጀዊ መሄዱን ትቶ አለቃው ዘንድ ገባ።

አቶ ሙስዓብ ክፉ ሰው አይደሉም። ቢሯቸው ውስጥ ከጠረጴዛው ይልቅ ቦታ የያዘው ቬንትሌተሩ ነው፤ ወደ እሳቸው ሲዞር ወረቀት ያበርራል፣ ወደ ባለጉዳዩ ሲዞር ይቆማል። ወረቀቶቹን በድንጋይ ተጭነዋቸዋል። ጸጋአብ አምስት ቀን የዓመት ፈቃድ እንደሚፈልግ ሲነግራቸው በዘጠኝ ወር ሪፖርት ሰሞን ፈቃድ የጠየቀ ሰው ሲያጋጥማቸው የሚያሳዩትን ፊት አሳዩት፤ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ዓይነት።

«የዓመት ፈቃድ ሪፖርቱ እስኪገባ ታግዷል፤ ደብዳቤውን አንተው ነህ የተየብከው። ምን ገጠመህ? ልጅቷ ታማለች?»

«አልታመመችም።»

«አንተስ?»

ጸጋአብ አሰበ። ትኩሳት የለውም፤ ወባም ባለፈው ወር ተመርምሮ ነጻ ተብሏል። «እኔም አልታመምኩም።»

«ታዲያ ምን ሆነ ልበል?» ቅጹን አዙረው አሳዩት። በላዩ አራት ሳጥን አለ፦ ወሊድ፣ ጋብቻ፣ ሕመም ከሐኪም ማስረጃ ጋር፣ ሞት። «እንድረዳህ ፈልጌ ነው። ከአራቱ አንዱ ላይ ራይት ካላደረግሁ ፋይናንስ አይቀበለኝም። አልወለድክም። ያገባህ ነህ። አልታመምክም።» እስክሪብቶው መጨረሻው ሳጥን ላይ ደርሶ ቆመ። «የሞተ ሰው አለብህ?»

ቬንትሌተሩ ወደ ጸጋአብ ዞሮ ቆመ።

«አለ» አለ።

ይህ ውሸት አልነበረም። አቶ ሙስዓብ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ማን?» «አጎቴ። ጋሽ ተሰማ ይባላሉ፤ ጎሬ።» «የቅርብ ናቸው?» «ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው።» «ቀብሩስ?» «ቀብሩ አልፏል።» «አይ ያገር ርቀት» አሉ አቶ ሙስዓብ፤ ዞረው መጡና ትከሻውን ያዙት፤ «እና ይህን በሆድህ ይዘህ ነው ልጄ አልታመመችም፣ እኔም አልታመምኩም የምትለኝ?» መቼ ብለው አልጠየቁትም። ቢጠይቁት ይናገር ነበር፤ ስምንት ዓመት ከአራት ወር። ሕያው ዘመድ መግደል ሟርት ነው፤ ጸጋአብ እንዲህ ያለ ድፍረት የለውም። ሞቶ ያለቀለትን ሰው መጥራት ግን ምኑ ይጎዳል? አቶ ሙስዓብ አራተኛው ሳጥን ላይ ራይት አደረጉ፤ ሦስት ቀን ጻፉ፤ ፈረሙ፤ ቅጹን ለጸሐፊዋ ለኛዳክ አቀበሉ። አንድ ሰው ለማረፍ የሚያስፈልገው ሁሉ በአምስት ደቂቃ አለቀ።

አራት ሰዓት ላይ ልጁን ከማማ ኛፑዎክ ሲቀበል እሙዬ በጥርጣሬ አየችው። «ዛሬ እሁድ ነው?» አለች። አይደለም አላት። «ታዲያ ለምን መጣህ?» አንድ ሐብሐብ ገዛና አብረው ወደ ባሮ ወንዝ ወረዱ። ሐብሐቡ መቶ ሃያ ብር ተባለ፤ ሁልጊዜ ይከራከር የነበረው ሰውዬ ሳይከራከር ሲከፍል ሻጯ ራሷ ደንግጣ አንድ ማንጎ መረቀችለት። አሮጌው ወደብ አጠገብ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሴቶች ልብስ እያጠቡ ድንጋይ ላይ ያሰጣሉ፤ ሁለት ሰዎች ጀልባ ገልብጠው ሥሯን እየደፈኑ ስለ ነዳጅ ዋጋ ይነጋገራሉ። እሙዬ የሐብሐቡን ፍሬ እየተፋች ትቆጥራለች፤ ከስድስት በኋላ ዘጠኝ ትላለች፤ አላረማትም። ስልኩን ድምፁን አጥፍቶ ኪሱ ከቶታል። አንድ ጊዜ ቁጭ ባለበት ሸለብ ሲያደርገው እጁ የልጅቷን ቀሚስ ጨብጦ ቀረ፤ ሲነቃ ጣቶቹ ደንዝዘው ነበር። «ልቀቀኝ፣ ልሸና ነው» አለችው። በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ስሕተቱን ያወቀው አሥር ሰዓት ላይ ሰፈሩ ሲመለስ ነው። በሩ ፊት ለፊት አራት አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፤ የማማ ኛፑዎክ ቤተ ክርስቲያን ወንበሮች ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ በቀለም «የወጣቶች ክፍል» ይላል። ማማ ኛፑዎክ ራሷ ጥቁር ሻሽ አስራ መጥረጊያ ይዛ ቆማለች። ጸሐፊዋ ኛዳክ የእሷው ቤተ ክርስቲያን ሰው ናትና ቀድማ ነግራታለች። ጸጋአብ ቢሮ ፈቃድ እንደሚሰጥ እንጂ ፈቃዱን ከሰጠ በኋላ እንደሚመጣ ፈጽሞ ረስቶት ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ እሱም በዚያው ሰርቪስ ስንት ሰው ቤት ሄዷል። ለልደት፣ ለታመመ ልጅ፣ ለወላድ መኪና የሌለው መሥሪያ ቤት፣ ለለቅሶ ሲሆን ናፍጣ አያጣም።

«አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ?» አለችው ማማ ኛፑዎክ። «ሰው ሞቶብህ ልጅ ይዘህ ሐብሐብ ትበላለህ? ጠዋት ለምን አልነገርከኝም? እኔ ጎረቤት አይደለሁም?»

«ነሽ።»

«ፊትህን አየሁት ሰኞ። ይሄ ሰው የሞተበት አለ አልኩ። ለባሌም ነገርኩት። ግባ፣ ፍራሹን አውርድ።»

ፍራሹን አወረደ። ሸሚዙን ለወጠ። ልንገራቸው ብሎ አሰበና ምን ብሎ እንደሚጀምር ሲያወጣና ሲያወርድ ሰርቪሱ ደረሰ። አሥራ አራት ሰው ወረደ፤ ሁለት እሽግ ውሃ፣ አንድ ካርቶን ብስኩት፣ ጾም ነውና ሙዝና ዳቦ። እግዜር ያጽናህ፤ ነፍስ ይማር፤ እግዜር ያጽናህ። ወንዶቹ አግዳሚው ላይ፣ ሴቶቹ ፍራሹ ላይ ተቀመጡና የለቅሶ ቤት ዝምታ ሆነ። ዝምታው የቆየው የአንድ ብስኩት ዕድሜ ያህል ነው፤ ከዚያ አንዱ ስለ ሙቀቱ አነሳ፤ ሌላው ዘይት ስንት እንደገባ ጠየቀ፤ ሦስተኛው ደረጃ እድገቱ ለሐምሌ ይደርሳል ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀና ሳቁ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላቸው ባንድ ጊዜ ቆመ። ፋይናንስ የምትሠራው ሴት እሙዬን ጭኗ ላይ አስቀምጣ «አይዞሽ፣ አያትሽ ሰማይ ቤት ናቸው» አለቻት። እሙዬ ሰማዩን ቀና ብላ አየችና ሌላ ብስኩት ጠየቀች።

«ሕመማቸው ምን ነበር?» አሉ አቶ ሙስዓብ። ባዶ እጃቸውን አልነበሩም፤ ላፕቶፕ በቦርሳ ይዘው ጉልበታቸው ላይ አድርገውታል።

ጸጋአብ አንድም ውሸት አልጨመረበትም። ሆዳቸው ነበር፤ ቆይተው ነው ሐኪም ያዩት፤ መጨረሻ ላይ «ጸጋ መጣ?» እያሉ በር በሩን ያዩ ነበር አለ። ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ጎሬ ገበያው ጫፍ፣ ዝናብ በሚያስገባ ሱቅ። ጸጋአብ ራሱ ስምንት ዓመት ሲሆነው ኩፍኝ ይዞት ነበር። ጋሽ ተሰማ የስፌት መኪናቸውን መዘውር በጨርቅ ጠቅልለው፣ ሱቁን ዘግተው፣ አራት ቀን አጠገቡ ተቀመጡ። የሠርግ ልብስ የሰጣቸው ሰው በሩ ላይ መጥቶ ሠርጉ ለእሁድ ነው ብሎ ቢጮህ፣ «ልጅ ታሞብኛል፣ ሠርጉን ለሌላ እሁድ አድርገው» አሉት።

«እና?» አለ አንዱ።

«አደረገው።»

አግዳሚው ላይ ሰው ሁሉ ዝም አለ። ይኼኛው ዝምታ የብስኩት አልነበረም። ጸጋአብ ሊቀጥል አፉን ሲከፍት የወጣው ድምፅ የራሱ አልመሰለውም፤ ከሆዱ ሥር፣ ከሰኞም በታች ካለ ቦታ ነው የመጣው። ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ለጋሽ ተሰማ ማልቀስ ነበረበት፤ በጊዜው ጀዊ ምዝገባ ላይ ነበርና አላለቀሰም። አሁን ግን ለእሳቸው ብቻ አይደለም። ማማ ኛፑዎክ ከፍራሹ ተነስታ ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ አስደገፈችው። ፋይናንስ የምትሠራዋም አለቀሰች፤ ኛዳክም አለቀሰች፤ የቢሮው ጥበቃ ሁለት ልጆቹን ሦስት ዓመት ሳያይ የቆየ ሰው ነው፣ ወደ አጥሩ ዞሮ ተናፈጠ። አቶ ሙስዓብ መሬት መሬት እያዩ «የኔም ልጆች እኮ ጅማ ናቸው» አሉ ለማንም ሳይሆን።

ሲሰነባበቱ አቶ ሙስዓብ ወደኋላ ቀርተው ወደ ጆሮው ጎንበስ አሉ። «ሀዘን ላይ መሆንህን አውቃለሁ፤ አላህ ያጽናህ። ያቺ የዘጠኝ ወር ፋይል ግን የይለፍ ቃል ትጠይቃለች።» ጸጋአብ ነገራቸው። የእሙዬ የልደት ቀን ነው። አቶ ሙስዓብ እዚያው ቆመው ከፈቱት፣ መከፈቱን አዩ፣ ዘጉት፤ «ሰንጠረዥ አራት ላይ ከተቸገርኩ እደውላለሁ፣ ካልሆነ ግን አላስቸግርህም» ብለው ሰርቪሱ ውስጥ ገቡ።

ሁሉ ሲሄድ ቦል ብቻ ቀረ። ቦል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ አማርኛን እንደ ፋይል አንድ በአንድ የሚያወጣ። ውሃውን ጨረሰ።

«ጸጋ፣ ቅጹን ላስገባ ፋይልህን ከፈትኩ።»

«እሺ።»

«ሌላ ቅጽ አለ። አሮጌ። ያም ሞት። ያም ጋሽ ተሰማ። ታች ላይ ‹በምዝገባ ዘመቻው ምክንያት አልተፈቀደም› ይላል።»

ሥራው፣ ኪራዩ፣ ልጁ፣ ሁሉም ባንድ መስመር ጸጋአብ ፊት ተሰለፉ። «ሰውዬው አንድ ናቸው» አለ በመጨረሻ።

«ስሙን አየሁ። አንድ ነው።»

«ለአቶ ሙስዓብ ልትነግር ነው?»

«ምን ብዬ?» ቦል ባዶውን ጠርሙስ ጨምድዶ ክዳኑን መልሶ ገጠመበት። «ቢሮ ይዘገያል። ደመወዝ ይዘገያል። እድገት ይዘገያል። ያንተ ፈቃድ ስምንት ዓመት ዘገየ፣ ዛሬ ወጣ። አዲሱን ከላይ አደረግሁ፣ አሮጌውን ከታች። ማንም ታች አያይም።» ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ። ከዚያ እንደገና ተቀመጠ። «ሰኞ ፋይል ላደርስ ጀዊ ነበርኩ፣ በሞተር ስትሄድ አይቼሃለሁ። ጫማህ አንዱ ወልቆ ነበር፣ አላነሳኸውም። ለምን ሄድክ አልልም። ለልጅቷ እናት ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም።»

«ለእሷ ከነገርካት በኋላ እኔ እሰማለሁ» አለ ቦል፤ ሄደ።

ፀሐይ ማንጎዎቹ ጀርባ ስትገባ አቢጋኤል ደወለች። ሰዓቷ አይደለም። «ጸጋ» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ «ጋሽ ተሰማ ስንቴ ነው የሚሞቱት?»

የአቢጋኤል ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ወንድሙ የሚሠራው ጸጋአብ ቢሮ ነው። የቢሮው ቴሌግራም ላይ ከጋሽ ተሰማ ስም ጋር ሻማ ተለጥፏል፤ ሻማው ጎግ ደርሷል። አቢጋኤል ጋሽ ተሰማን አንድ ቀን አግኝታቸው አታውቅም፤ ከሠርጉ በፊት ነው የሞቱት። እሙዬ የወጣቶች ክፍል ወንበር ላይ ተኝታለች፤ አፏ ዙሪያ የብስኩት ፍርፋሪ አለ። በስልኩ ውስጥ የውሃ ታንከሩ ጠብ ጠብ ሲል ለጸጋአብ ይሰማዋል።

«አቢ፣ ሰኞ ዕለት እሙዬን ቆልፌባት ሥራ ሄጃለሁ።»

ሁሉንም ነገራት፤ መኮሮኒውን፣ ሞተሩን፣ የስኳሩን ጣሳ፣ አልጮኽኩም ያለችውን። ሁለት ሌሊት እንዳልተኛ፣ ራሱን እንደፈራው፣ ቅጹ ላይ አራት ሳጥን ብቻ እንዳለ። ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ጠየቀችው።

«ስንት ሰዓት ተቆልፎባት ቆየች?»

«አራት ሰዓት ያህል።»

ስድብ ጠበቀ። ስድብ ቢመጣ ይቀለው ነበር። በምትኩ የሰው ኮቴ ሰማ፤ ከዚያ ራቅ ያለ የወንድ ድምፅ፤ ከዚያ አቢጋኤል ስልኩን በእጇ ስትሸፍነው፤ ግን በደንብ አልሸፈነችውም። «ርዕሰ መምህሩ ነው፣ ሊያጽናናኝ መጥቶ» አለች በሹክሹክታ። ጸጋአብ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቀረ። ርዕሰ መምህሩ ሟቹ ማን እንደሆኑ ሲጠይቃት ሰማ። ከዚያ አቢጋኤል «እንደ አባታችን ነበሩ» አለችና አለቀሰች፤ መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ኋላ ግን ታንከሩን እየደበደበች፣ ጎረቤት እስኪሰማ። ለቅሶው ለርዕሰ መምህሩ ይሁን ለሰኞ ዕለቱ ነገር ጸጋአብ መለየት አልቻለም። ርዕሰ መምህሩም አልለየውም፤ ሦስት ቀን ፈቃድ ሰጣት።